ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ለታሪክ እንዲመዘገብ፦ በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ባህለ ብዙ የምክር ማዕከል ሶፍት በይፋ አልቋል። የመጨረሻዋ ሶፍት የዋለችው ለተማሪ ዕንባ አይደለም። የማዕከሉ ኃላፊና አሠልጣኜ ዶክተር ማዕዶት ጠረጴዛ ላይ የደፉትን ሻይ ጠረጉባት።

የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «ልቅሶ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ከንብረት ክፍል ተደወለልኝ። «ነፍስ ይማር ዶክተር። ቀብሩ መቼ ነው?»

ስለ ራሴም ይመዝገብ። ስሜ ወልደ ሐዋርያት፣ ማዕረጌ ዶክተር፣ ሥራዬ ሠልጣኝ። ዶክትሬቴን ከያዝኩ በኋላ ከተለያየ ባህል የመጡ ተማሪዎችን እንዴት እንደሚያማክሩ ለአንድ ዓመት እሠለጥናለሁ። ስሙ «ድኅረ ዶክትሬት» ነው። ካራ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ጋሽ በዳዳ ይኸን ሲሰሙ መዶሻቸውን አስቀምጠው ብዙ አዩኝ።

«ዶክተር ሆነህ እንደገና ትማራለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ወድቀህ ነው?»

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ድል! ያሻሻልኩት ቅጽ ጸደቀ።

ተማሪ ወደ ማዕከላችን ሲመጣ መጀመሪያ ዘጠኝ ጥያቄ ይጠየቃል። ከውጭ የመጣው ቅጽ ዘጠነኛ ጥያቄ ግን ነውረኛ ነበር፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ዐይን አፍጥጦ! ለሃያ ዓመት ልጅ! እኔ የሥልጠናዬ ማሟያ አድርጌ ይኸን ጥያቄ ከባህላችን ጋር አስታረቅኩት። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «በቂ ዕረፍት እንደሚያስፈልግህ ይሰማሃል?»

በዘፈቀደ አይደለም፤ በጥናት ነው። ባለፈው ሳምንት ሰባት የአገር ሽማግሌዎች ላምበረት አንድ ሆቴል ሰብስቤ «በባህላችን ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል ወይ?» አልኩ። ስድስቱ «ኧረ አይጠየቅም!» አሉ፤ ምሳው እየቀረበ ነበር። ሰባተኛው ጋሽ በዳዳ እጃቸውን አወጡ። ጊዜ ስላነሰ ዕድል አልሰጠኋቸውም። ሪፖርቱ ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ፤ የወጣ እጅ ድምፅ የለውም።

ዶክተር ማዕዶት፦ «ወልዴ፣ ይኸ ነው ባህል ማለት! ኅዳር 12 ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ አንተ ታቀርባለህ። ከዚያ ቅጹ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይላካል፣ አንተም ሠርተፍኬትህን ትይዛለህ።»

እንግዳ ተቀባያችን እየሩስ ቅጹን እያባዛች፦ «ዶክተር፣ የመጨረሻዋ ጥያቄ ምነው አልጋ በአልጋ ሆነች?»

«ባህል ነው እየሩስ።»

«እሺ።»

እሺ አባባሏ አላማረኝም። ስለዚህ አልመዘግበውም። (ይኸው መዘገብኩት።)

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ስኬት። ሌንጮ ይባላል፤ ከፍቼ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ። ባለፈው ሐሙስ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ጫማዬን ብቻ ነበር የሚያየው። ለጥያቄ ዘጠኝ «አዎ፣ በጣም» አለ። በጊዜ እንዲተኛ መከርኩት። ዛሬ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። የተረጋጋ፣ ፈገግ ያለ፣ ፀጉሩን የተቆረጠ።

«ዶክተር፣ አሁን ቀለለኝ። ወሰንኩ።»

ምን እንደወሰነ አልጠየቅኩትም፤ የተገልጋይን ውሳኔ ማክበር የሙያችን መሠረት ነው። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ተሰናበተኝ።

ፋይሉ ላይ፦ «ተገልጋዩ ዕረፍት አግኝቷል። ተዘግቷል።» ይኸንኑ የሚገልጽ፣ «አገልግሎቱን በተሳካ ሁኔታ አጠናቋል» የሚል ደብዳቤም ሰጠነው። ዶክተር ማዕዶት ማኅተሙን ራሳቸው መቱት። ፈረንጅ በስድስት ወር የማይጨርሰውን እኛ ከሐሙስ እስከ ሰኞ!

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ለእናቴ ወደ ደሴ ዕቃ ልልክ ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ። ተሸካሚው፣ ረዳቱ፣ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» (ሠላሳ ሰው የቀረው አውቶቡስ ነው።) በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንድ ዝም ያለ አውቶቡስ ቆሟል። ኮንትራት ነው፤ ፍቼ የሚሄድ። ተሳፋሪዎቹ የእኛ የሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አዲስ ፋሽን መሆን አለበት፤ የዘንድሮ ልጆች የማይገለብጡት ነገር የለም።

የመስክ ጉዞ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ሒሳብ የመስክ ጉዞ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሌንጮን በመሃላቸው አላየሁትም። ፋይሉ ስለተዘጋ አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አዲስ ተገልጋይ፦ ዳርቱ ቶሌሳ፣ የቅየሳ ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት፣ የካራ ልጅ። ሥልጠናዬ እንደሚያዘው በቋንቋዋ ጀመርኩ። ድምፄን ዝቅ፣ ፊቴን ሰፋ አድርጌ፦ «አካም ጂርታ?»

«ደህና ነኝ። ዶክተር፣ አማርኛ እችላለሁ እኮ።»

«በራስሽ ቋንቋ ብትናገሪ ይቀልሽ ይሆናል።»

«እርስዎ ኦሮምኛ ይችላሉ?»

«ሰላምታ እችላለሁ።»

«እሱማ አለቀ፤ ተባባልን።»

ማስታወሻዬ ላይ «ማንነቷን ለመግለጥ ታመነታለች» ብዬ አሰፈርኩ።

እንቅልፍ የለም። ምግብ አይወርድላትም። «ደክሞኛል» ሦስት ጊዜ አለች። ጥያቄ ዘጠኝን ሳነብላት እስክሪብቶዬን አየች፣ ቅጹን አየች፣ ትንሽ ሳቀች።

«አዎ ዶክተር። እኔ ማረፍ ነው የምፈልገው።»

«አዎ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ሶፍት አልጠየቀችም። (የለም።) አለማልቀሷን በጎ ምልክት ብዬ መዘገብኩ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ዛሬ ዳርቱ ብዙ አወራች። አባቷ ጋሽ ቶሌሳ ያርሱት የነበረው ማሳ ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። መስከረም ላይ ክፍላቸው ለተግባር ልምምድ የወጣው እዚያው ነው።

«ነጥብ አሥራ አራት ላይ ዘንግ ያዢ ተባልኩ። መምህሩ ከሩቅ ‹ቀጥ አድርጊው! ቀጥ!› ይለኛል። የቆምኩበት የበረታችን በር ነው።»

አባቷ ዛሬም ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳሉ፤ ከብት ሊያወጡ። ከብት የለም። አሁን በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቆመው ቆመው ይመለሳሉ።

«‹አንቺ ስትመረቂ› ነው ንግግራቸው ሁሉ። እኔ ደግሞ ሁለት ኮርስ ወድቄያለሁ። አልነገርኳቸውም። እኔ ባልኖር እኮ ቢያንስ አይጠብቁም ነበር።»

«ባልኖር» የሚለውን አሰመርኩበት። ከቤተሰብ ተለይቶ የመኖር ፍላጎት ነው፤ የሁለት ባህል ግጭት። ዶርም እንዲሰጣት ደብዳቤ አረቅቃለሁ።

መመሪያችን ተፈጥሮን መጠቀም ይላል። የቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ላይ በእጄ ጻፍኩላት፦ «በሳምንት ሁለት ቀን እንጦጦ መውጣት። ባሕር ዛፍ፣ ንጹሕ አየር፣ ብቻን መሆን።» ከነፊርማዬ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ዳርቱ ስጦታ ይዛ መጣች። ለእየሩስ የአንገቷን ሻርፕ፤ ለእኔ ቱንቢዋን፣ ያቺን ከገመድ ጫፍ ተንጠልጥላ ቀጥታን የምታሳይ ሹል ነሐስ።

«ለእኔ አያስፈልገኝም ዶክተር። የቢሮዎ ግድግዳ ዘሟል፤ ይዩበት።»

ሳቅን። በጣም ተረጋግታለች። ሌንጮም መጨረሻ ላይ እንዲሁ ነበር። «የማኅበረሰቡ የልግስና ባህል፣ ግሩም ማሳያ» ብዬ ለኅዳር 12 ገለጻዬ ያዝኩት።

ከሄደች በኋላ እየሩስ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ዶክተር፣ ያቺ ልጅ ደህና አይደለችም።»

«በምን አወቅሽ?»

«በዚህ ብርድ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። ዕቃዋን አከፋፍላ መንገድ ልትሄድ ያለች ነው የምትመስለው።»

«በባህላቸው ልግስና ነው እየሩስ።»

«ባህል ነው? ይሁን። የእኔ ባህል ደግሞ መጠርጠር ነው። ለምን በቀጥታ አይጠይቋትም?»

«ቅጹ ላይ የለም።»

«ቅጹን ማን ጻፈው?»

ሥራ እንደበዛብኝ ነገርኳት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ስላይድ 31። ዶክተር ማዕዶት ቀለሙን አልወደዱትም። አረንጓዴ አድርግ። አደረግኩ። ሰማያዊ ይሻላል። አደረግኩ።

የሌንጮን ፋይል ለሦስተኛ ጊዜ ከመሳቢያ አወጣሁ። ለገለጻው ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ስልኩ እዚያው አለ። መደወል ይቻላል። የተዘጋ ፋይል ላይ መደወል ግን ሥነ ምግባሩ አይፈቅድም መሰለኝ። መሰለኝ።

ሶፍት አልመጣም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በየበሩ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ከቢሮዬ መስኮት እንጦጦ አይታይም። ገምጋሚዎቹ እያሳሉ ገቡ፣ እኔም እያሳልኩ አቀረብኩ። «በባህላችን ስለ ሞት በቀጥታ አይጠየቅም!» ስል አዳራሹ ተስማማ። ሌንጮን ስሙን ሳልጠራ አቀረብኩት፦ ስላይድ 17፣ «ፈጣን ስኬት»። አንድ ገምጋሚ «ይኸ ተማሪ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?» አሉ።

«ሙሉ ዕረፍት ላይ» አልኩ። ሳቁ። አጨበጨቡ።

የዳርቱ ቀጠሮ ለዛሬ ነበር፤ በገለጻው ምክንያት ለሰኞ አዛውሬዋለሁ። ሆኖም መጥታለች። እየሩስ እንደነገረችኝ አዳራሹ በር ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጣ በማይክራፎን የሚወጣውን ድምፄን ስትሰማ ቆይታ፣ ጭብጨባው ሲጀመር ተነሳች። «ዶክተርን አመሰግናለሁ በይልኝ» ብላ ሄደች።

«ወዴት?»

«እርስዎ ወዳዘዙላት ነዋ! ካርዱን አሳየችኝ። እንጦጦ፣ በዚህ ጭስ! ይደውሉላት።»

ሰኞ ትመጣለች አልኩ። ምሳው እየቀረበ ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ሰዓት። እየሩስ ደወለች። ዳርቱ ቤት አላደረችም። ስልኳን ትታ ነው የወጣችው። አባቷ ካራን ሲዞሩ አድረዋል።

ታክሲ ውስጥ ነኝ።

እንጦጦ። ባሕር ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ስሟን ጠራሁ። የመለሰልኝ ውሻ ነው። «ብቻን መሆን» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከነፊርማዬ።

አራት ሰዓት ተኩል። የማላውቀው ቁጥር። የሴት ድምፅ። «ወልደ ሐዋርያት የተባልከው አንተ ነህ? ካርዱ ላይ ስምህና ስልክህ አለ። ልጅቱ እኔ ቤት ናት። ደህና ናት፤ ና።»

ኅዳር 14፣ እሑድ

በእርጋታ ልጻፈው።

እማማ ወለተማርያም ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመው፣ ተሸክመው ወርደው ይሸጣሉ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ሸክማቸውን አስረው ሲነሱ ዳርቱ ከዛፎቹ መሃል ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣዋለች።

«ምን አሏት እማማ?»

«ምን እላታለሁ? ‹ልጄ፣ ልትሞቺ ነው የመጣሽው?› አልኳታ።»

«እንዲያው በቀጥታ?»

«በየት በኩል ልዙር?»

«እሷስ?»

«‹አዎ› አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ እንዴት አድርጋ አለቀሰች! እኔም ሸክሜን አወረድኩ። ሲወጣላት ‹በይ ጫማሽን አድርጊና ይቺን አግዢኝ፤ ብቻዬን አልችላትም› አልኳት። ውሸቴን ነው። ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ችያታለሁ።»

ማስታወሻ ልይዝ እስክሪብቶ አወጣሁ። እማማ እጄን አዩት። «ምን ትጽፋለህ?» መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ዳርቱን ከአባቷ ጋር ሆስፒታል ወሰድናት፤ ተኝታ ትታከማለች። ጋሽ ቶሌሳ ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ዶክተር፣ አንድ ወር እርስዎ ዘንድ ስትመላለስ ምን ትል ነበር?»

«ማረፍ እፈልጋለሁ ትል ነበር።»

«በእኛ ቋንቋ ‹ቦቆቹ› ነው የሚባለው» አሉ። «ለመኝታም ለሞትም ያው ነው። በአማርኛ ይለያል?»

«አይለይም» አልኩ።

ሦስት ዲግሪ የለፋሁት ሁለት ሕዝብ የሚለያይበትን ስፈልግ ነው። የሚገናኙበት ቃል ፊቴ ተቀምጦ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩበት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጋሽ በዳዳን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሳምንታት የከነከነኝን ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ላምበረት እጅዎን አውጥተው ነበር። ምን ሊሉ ነበር?»

«ሽንት ቤቱ የት ነው ልል።»

የሆነ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ተነስቼ ልሄድ ስል መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ብትጠይቀኝ ግን እነግርህ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ ‹በላህ ወይ? ተኛህ ወይ?› አልነው። አንዲቷን ብቻ አላልነውም። ነውር መስሎን።»

«ዛሬ ቢሆንስ?»

«ጮኼ እጠይቀው ነበር።»

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ለዶክተር ማዕዶት ቅጹ ይሰብሰብ አልኳቸው።

«ልጅቷ ተርፋለች እኮ ወልዴ። የተቀየረው አንዲት ቃል ናት። ለአሥራ አንድ ዩኒቨርሲቲ ልከናል፤ አሁን ተሳስተናል ብንል ማዕከሉም ይዘጋል፣ ሠርተፍኬትህም ይቀራል።»

«ከሰማንያ አራት ተማሪ ስልሳ ሁለቱ ‹አዎ› ብለዋል።»

«ዕረፍት የማይፈልግ ተማሪ አለ?»

«እሱ ነው ችግሩ። የትኛው የትኛውን ዕረፍት እንዳለ አናውቅም።»

ሻያቸውን አልጠጡም። አልደፉትምም። «እኔ አልሰማሁህም» አሉ። ይኸም ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

እኔና እየሩስ ሁለት ቀን ሙሉ ደወልን። ነውረኛውን ጥያቄ፣ እንዳለ። የመጀመሪያው ላይ አፌ ተሳሰረ፤ እየሩስ ስልኩን ነጥቃኝ ጠየቀች። አሥረኛው ላይ እኔም ቻልኩ። አብዛኞቹ ሳቁ፦ «ኧረ ዶክተር፣ ፈተና ስለነበር ነው!» አራቱ አልሳቁም። አራቱንም ዛሬውኑ አየናቸው፤ ሁለቱን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። አንዷ ገና በሩን ሳታልፍ «መቼ ትጠይቁኝ ይሆን እያልኩ ነበር» አለችኝ።

ዳርቱንም ጎበኘኋት። ከስታለች፤ ግን ቀና ብላ አየችኝ። «ቱንቢዬን ይመልሱልኝ» አለች። ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር።

ከስልሳ ሁለቱ ስልሳ አንዱ ተጣርቷል። አንድ ይቀራል። ፋይሉ የተዘጋ ስለሆነ ነው ያልደወልኩት።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ደወልኩ። አንድ ጎልማሳ ድምፅ አነሳ።

«ሌንጮን ፈልጌ ነበር።»

«ሌንጮ አርፏል።»

ለአንዲት ሴኮንድ ልክ እንደ ፋይሌ ሰማሁት። «ተመስገን» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ጥቅምት አሥራ ሦስት» አለ። «ወንድሙ ነኝ። ጓደኞቹ በአውቶቡስ መጥተው አልቅሰውልናል። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ከዩኒቨርሲቲ» አልኩ።

«እግዜር ይስጣችሁ። አጠናቋል የሚል ደብዳቤ ሰጥታችሁት ነበር፣ ማኅተም ያለው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ከፎቶው ጎን ሰቅላዋለች።»

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ደብዳቤውን በራሴ ስም ለአሥራ አንዱም ላክሁ፦ ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ ወደ ቀድሞ ቃሉ ይመለስ፤ «አዎ» ያሉ ሁሉ ዛሬውኑ ይጠየቁ። ሥልጠናዬ ተቋርጧል። ዶክተር ማዕዶት በር ላይ አገኙኝ። ትከሻዬን ነካ አድርገው አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ሶፍት መጣ። አርባ ስምንት ካርቶን። ማስረከቢያው ላይ «ለልቅሶ» ይላል። ፈረምኩ።

ነገ ከላምበረት ወደ ፍቼ እሄዳለሁ፤ ስለ ደብዳቤው ለእናቱ መንገር አለብኝ። ከዚያ በፊት ይህ ደብተር መስተካከል አለበት።

ማረሚያ። በጥቅምት 5 ቀን «በሙሉ ድምፅ» የተባለው «አንድ እጅ ሳይጠየቅ» ተብሎ ይነበብ። በጥቅምት 10 ቀን በፋይልም በደብዳቤም «ተገልጋዩ ዕረፍት አግኝቷል» እና «በተሳካ ሁኔታ አጠናቋል» ተብሎ የተጻፈው «ተገልጋዩ አልተጠየቀም» ተብሎ ይታረም። በጥቅምት 15 ቀን ላምበረት ላይ የሴት ተማሪዎቹ ነጠላ መዘቅዘቅ «አዲስ ፋሽን» ተብሎ መመዝገቡ ስህተት ነው። ፋሽን አልነበረም። መዝጋቢው ይህንን በዕለቱ ያውቅ ነበር።